ጨዉን የት እናፍሰው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ እግዚአብሔር የፈጠራቸውን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን እንያቸው። አንዱ የበረሃ ቁጥቋጦ ነው፤ ሌላዋ የባሕር ኤሊ።

ታማሪስክ የሚባለው ቁጥቋጦ በኔጌብና በሲና በረሃ ይበቅላል። አብርሃም በቤርሳቤህ የተከለው ዛፍ (ዘፍ. 21፥33) ይኸው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሥሩ ጠልቆ ጨዋማ ውሃ ይጠጣል። ሌላውን ተክል የሚያደርቀውን ጨው እሱ ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን እጢዎች ያስወጣዋል። ጠጋ ብሎ ላየው ቅጠሉ ነጭ ብናኝ ለብሷል። ለቀመሰው ጨው ነው።

የባሕር ኤሊም ኑሮዋ ጨው ውስጥ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ኩላሊቷ ይህን ሁሉ አይችለውም። ስለዚህ ፈጣሪ ዐይኗ አጠገብ የጨው እጢ ሰጣት። እንቁላል ልትጥል ሌሊት ወደ አሸዋው ስትወጣ ወፍራም እንባ ይወርዳታል። ያያት ሰው የምታለቅስ ይመስለዋል። ባሕር ውስጥም ሳለች እንዲሁ ታነባለች፤ እንባዋ ከባሕሩ ይልቅ ጨዋማ ነው።

ሁለቱም ከጨው አላመለጡም። ጌታም ስለ እኛ ሲጸልይ “ከክፉ እንድትጠብቃቸው እንጂ ከዓለም እንድታወጣቸው አልለምንም” ነው ያለው (ዮሐ. 17፥15)። አማኝ መራራ ነገር አይደርስበትም የሚለው ስብከት ስንቱን ወገን ጎድቷል!

የሚለያዩት ጨዉ በሚወድቅበት ቦታ ነው። የታማሪስክ ጨው ከቅጠሉ ጋር እዚያው ሥሩ ይረግፋል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ አፈሩ ለሌላ ቡቃያ አይመችም። የኤሊዋ ግን ሰፊው ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ባሕሩም ምንም አይሆን።

እኛስ? አለቃ ያበሸቀንን ልጃችን ላይ እንጮኸዋለን። ለእኛ ቀለል ይለናል፤ የሚደርቁት ግን እኛ ሥር ያሉት ናቸው።

ሐናን ተመልከቱ። ጣውንቷ ፍናና ልጅ ስለሌላት በየዓመቱ ታስቆጣት ነበር። ሐና መልሳ አልተሳደበችም፤ ባሏ ሕልቃና ላይም አልተወጣችውም። ሴሎ፣ እግዚአብሔር ቤት ገባች። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ሲገሥጻት ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እንዳፈሰሰች ነገረችው (1ሳሙ. 1፥15)። ልጇ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም። እሷ ግን ሄዳ በላች፤ ፊቷም ተፈታ።

ለዚህ ያማረ ጸሎት አያስፈልግም። ከታክሲ ወርደን ቤት እስክንደርስ ያለችው መንገድ ትበቃለች። “ጌታ ሆይ፣ እገሌ ዛሬ ሰው ፊት አዋርዶኛል፤ አንጀቴ አርሯል” ብሎ እንደወረደ መንገር ነው።