የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ጅማ መጣ። ሻንጣውን ገና ሳያስቀምጥ «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስንት ሰዓት ይከፈታል?» አለኝ። እኔ እንጃ። ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው፤ ያውም በትምህርት ቤት ጉብኝት። ከዚያ ቀን ትዝ የሚለኝም መንገድ ላይ የቆረጠምነው ቆሎ ነው።

እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ቀና ሳትል «ምን ታደርገዋለህ፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» አለች።

«ልጥ ምንድን ነው?» አለ እንግዳው።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ተረቱን ስንቴ ብዬዋለሁ፤ ልጥ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። እናቴ ሳቀችብን፤ በኋላ ግን ነገረችን።

ልጥ «ላጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ከዛፍ ግንድ ተልጦ የሚወጣው የቅርፊት ክር ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ማገሩን ከቋሚው ጋር የሚያስረው እሱ ነበር። ምስማር በገንዘብ ይገዛል፤ ልጥ ግን ከዛፍ ላይ ይላጣል። ክፋቱ፣ ደርቆ ከሰነበተ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። ስለዚህ ጠቅልለው ውኃ ውስጥ ይከቱታል፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጭኑበታል፣ ያሳድሩታል። ሲወጣ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል። ታስሮ ሲደርቅ ደግሞ ግጥም አድርጎ ይይዛል። ውኃው ግን የሻይ ቅጠል እንደተዘፈዘፈበት ይጠቁራል። ይሸታልም።

(ይኸው ልጥ ሌላም አባባል ውስጥ አለ። ሞቱ የተቆረጠለትን ሰው «ልጡ የራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ» ይሉታል። ለቀብሩ የሚሆነው ማሰሪያ ሳይቀር ተነክሮለታል ማለት ነው።)

ጠበሉን ማስረዳት ብዙ አያሻም። ሰው ሕመሙን ይዞ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ ስንት ቀን ተጉዞ የሚደርስበት ውኃ ነው። በጀሪካን ቀድቶ ለቤተሰብ ይወስዳል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በግዕዝ ጸበል ማለት ትቢያ፣ አቧራ ነው። ጫማዬን ስመለከት ይህ ትርጉም ደስ ይለኛል። የጅማን ቀይ አቧራ የረገጠ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሁለቱን አገናኟቸው። ከሩቅ የመጣው ሰው ጫማውን አውልቆ እየጸለየ ወደ ውኃው ይገባል። ደጁ የሆነለት ሰው ደግሞ ቤት እየሠራ ነው፤ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃው አጠገቡ ነው። ልጡን ይዘፈዝፍበታል። አንዳንዱ «የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል» ይላል፤ ሐሳቡ ያው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ተረት «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ከሚለው ጋር አንድ ያደርገዋል። ይቀራረባሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። የወርቁ ተረት ስለ ግምት ነው፤ ያለህን አሳንሰህ አየህ ይልሃል። የጠበሉ ተረት ስለ አጠቃቀም ነው። ልጥ የሚነክረው ሰውዬ ጠበሉን አልረሳውም። እንዲያውም በየቀኑ ይሄድበታል። የሚሄደው ግን ለትንሽ ጉዳይ ነው። የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ አስቡት። ሱሪ ለማሳጠር፣ ዚፕ ለማስቀየር እሱ ጋ እንሮጣለን። የሠርግ ሱፍ ሲሆን አዲስ አበባ እንሄዳለን። ልጥ መንከር ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ፣ 11 ሰዓት ገደማ ብርዱ ሳይከፋ፣ በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። ሐኪምም ስለ ስኳሬ ተቆጥቶኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የወጣሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። እየሄድኩ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ እዚህ የምንነክረው ልጥ ምንድን ነው?

ጅሬንን እንውሰድ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ከዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ለምኒልክ ገብረው፣ ግብር እየከፈሉ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩ ብልህ ሰው ነበሩ። የእንጨት ሰገነት ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም እዚያው አለ። ከመሐል ከተማ 7 ወይ 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እኛ ታዲያ ጅሬንን ለምን እንጠቀምበታለን? ለዝናብ! «ጅሬን ጠቁሯል፣ ልብሱን አስገቡ» ይባላል፤ አለቀ። የቤታችን የአየር ትንበያ ይኸው ነው፤ ስልኬ ላይ ካለው ሳይሻል አይቀርም።

ሂርማታም እንደዚያው ነው። ስሙን ለአድራሻ እንጠራዋለን። ግን የጅማ ነገሥታት ጅሬን ላይ ሲቀመጡ ገበያው ከታች ሂርማታ ነበር። የሲራራ ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚገናኝበት ትልቅ የሐሙስ ገበያ ነበር። ከተማውም ኋላ የበቀለው ገበያው ዙሪያ ነው። የዛሬውን መሐል ከተማ መልክ በብዙ ያስያዘው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለው። ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም ከየት እንደመጣ ማንም አይነግራችሁም፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። እኔ ግን «ፈረንጅ አራዳ ወራጅ አለ» ስል ስንት ዓመት ኖሬ፣ ፈረንጁ የቱ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

በጣም የሳቅኩት አጂፕ በሚባለው ሰፈራችን ስም ነው። አጂፕ የጣሊያን ነዳጅ ኩባንያ ስም ነው። ምልክቱ ባለ ስድስት እግር ውሻ ነበር። የውሻውን ነገር ለባጃጅ ሾፌሩ ነገርኩት። በመስታወቱ ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ወርደው ይሄዳሉ ወይስ ልቀጥል?» አለኝ። ቦዬ ጋ ያለው ረግረግም አለ፤ ጉማሬ የሚታይበት። የአዲስ አበባ ሰው ሊያየው መኪና ያቆማል። እኛ መስኮት ከፍተን «ደረስን» ለማለት እንጠቀምበታለን።

አንድ ምሽት አዌቱ ድልድይ ላይ ቆሜ፣ አንድ ልጅ ታች ወንዙ ዳር ጀሪካን ሲያጥብ አየሁ። እግሩን ሳያይ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል። የትኛው እንደሚያዳልጥ ያውቃል። ያኔ ተረቱ ትንሽ አጠራጠረኝ። ተረቱ የቅርቡን ሰው ይነቅፋል። ግን ልጥ ነካሪው ውኃው የት ጋ እንደሚጠልቅ፣ በየትኛው ወር እንደሚጎድል ያውቃል። ከሩቅ የመጣው ሰውዬ ተጠምቆ ሄዷል። ጠበሉን ሲያጠቁሩት ዝም ይባል አላልኩም። አዌቱ ላይ የሚጣለውን ፌስታል ሳይ እኔም ያንገበግበኛል። ግን ክብር መስጠት ብቻውን ማወቅ አይደለም፤ ሁለቱን የምናምታታ ይመስለኛል።

የአክስቴ ልጅ ሊመለስ ሲል ገበያ ወጥተን የጅማ በርጩማ ገዛ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ። ሦስት እግር የሆነበት ምክንያት አለው፤ የጭቃ ወለል ወጣ ገባ ነው፣ አራት እግር ይወላገዳል፣ ሦስት ግን የትም ቢያስቀምጡት አይነቃነቅም። በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ሙሉ መንገዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ወሰደው።

የእኛ ቤት በርጩማ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል። እናቴ ሽንኩርት ትከትፍበታለች፣ ከሰል ትደግፍበታለች፣ አምፖል ሲቃጠል እንቆምበታለን። አንዱ እግሩ ጫፍ ላይ የተቃጠለ ነው።

በሳምንቱ ልጁ ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። በርጩማውን ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጦ፣ ዳንቴል አልብሶ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ከልክሏል።

እናቴ የሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ትቆላ ነበር። መቁላቷን አላቆመችም።

«ታዲያ» አለች፣ «ካልተቀመጡበት ምን ሊሆን ገዛው?»