ኬሚካል ስፒሺስ ምንድን ነው? «ክሮሚየም ተገኘበት» እያላችሁ ለምትለጥፉ

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ የበግ ቆዳ የላቦራቶሪ ውጤት ላይ «ክሮሚየም» የሚል አየና፣ ክሮሚየም ካንሰር ያመጣል የመንዝ በግ ቆዳ ጃኬት አትልበሱ ብሎ ለቀቀው፣ ሰውም አምኖ ሼር አደረገ። እንደኔ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ቆዳ ሲመረምር ለሚውል ሰው ይሄን ዝም ብሎ ማለፍ ከባድ ነው፣ በዚህ ወሬ ገበያ ላይ የሚጎዳው ቆዳውን ይዞ የወጣው ገበሬ ነውና።

ኤለመንት ምን እንደሆነ አልዘረዝርም። ስፒሺስ ማለት በኬሚካዊ ማንነታቸው አንድ የሆኑ ቅንጣቶች ስብስብ ነው፣ አቶም ይሁን፣ ሞለኪውል ይሁን፣ አዮን፣ ራዲካል (ጥንድ ያልሆነ ኤሌክትሮን የያዘ) ወይ ኮምፕሌክስ (የሜታል አቶም ዙሪያውን ሌሎች ሞለኪውሎች ወይ አዮኖች ተጣብቀውበት)። «ክሮሚየም» ብቻ ስትል የኤለመንቱን ስም ነው የጠራኸው፣ በምን መልክ እንዳለና ከምን ጋር እንደተጣበቀ ገና አልነገርከኝም።

እኛ ጋ ገብስ ቆሎም ይሆናል በሶም ይሆናል ጠላም አረቄም ይሆናል። አረቄ የጣለውን ሰው አይቶ «ገብስ ያሰክራል፣ ለልጅ በሶ እንዳትሰጡ» የሚል ቢመጣ የሚሰማው የለም። «ክሮሚየም ካንሰር ያመጣል» ማለት ልክ እንደዛ ነው። ቶታል ክሮሚየም የሚባለው ልኬት ደግሞ በሶውንም ጠላውንም አረቄውንም አንድ ጋን ውስጥ ገልብጦ ስንት ኪሎ ገብስ እንደገባበት መናገር ነው፣ ቁጥሩ ልክ ነው ግን የትኛው እንደሚያሰክር አይነግርህም። ምሳሌው የማይሄደው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ አረቄ ተመልሶ ገብስ አይሆንም፣ ክሮሚየም ግን ከ3 ወደ 6 ከ6 ወደ 3 ይመላለሳል (ቁጥሮቹ ኦክሲዴሽን ስቴት ይባላሉ፣ በግርድፉ አቶሙ ስንት ኤሌክትሮን እንዳጣ ይናገራሉ)።

አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም 3 ነው፣ ዌት ብሉውን (ተለፍቶ ገና እርጥብ የሆነውን ቆዳ) ሰማያዊ የሚያደርገውም እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛው ምድብ ውስጥ ያስገባው የክሮሚየም 6 ውህዶችን ነው፣ ክሮሚየም 3ን ሦስተኛው ምድብ ላይ ነው ያስቀመጠው፣ ማለትም ካንሰር ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ማለት ነው።

ኮሜንት ላይ ደግሞ አንድ የተማረ ሰው «ስፒሺስ ማለት እኮ ኦክሲዴሽን ስቴት ነው፣ 3 ወይ 6፣ አለቀ» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ አላለቀም! ክሮሜትና ዳይክሮሜት ሁለቱም 6 ናቸው፣ ቢጫው የክሮሜት ውህድ ላይ አሲድ ጠብ ስታደርግ ብርቱካናማ ዳይክሮሜት ይሆናል፣ ቤዝ ስትጨምር ተመልሶ ይቢጫል፣ ስፒሺሱ ተቀየረ 6ቱ ግን አልተነካም። ፎርሙላም አያድንህም፣ ስድስት ውሃ ያለው ክሮሚየም ክሎራይድ አረንጓዴም አለ ሐምራዊም አለ፣ ፎርሙላቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ክሎራይዱ ከክሮሚየሙ ጋር መጣበቁና አለመጣበቁ ላይ ነው።

አዩፓክ (የኬሚስትሪ ስሞችንና ትርጉሞችን የሚወስነው ዓለም አቀፍ ማህበር) ለስፒሺስ በሰጠው ትርጉም ውስጥ «በሙከራው የጊዜ ልክ» የምትል ሐረግ አስገብቷል፣ ሰው ሁሉ የሚዘላት እሷን ነው። ክሎሮሳይክሎሄክሴን የሚባለውን ውህድ በክፍል ሙቀት ኤንኤምአር (በማግኔት የሞለኪውል ቅርጽ የሚያሳይ መሣሪያ) ውስጥ ብታስገባው አንድ ስፒሺስ ነው የሚመስልህ፣ ከዜሮ በታች 100 ዲግሪ ገደማ ስታቀዘቅዘው ግን ሞለኪውሉ ያሉት ሁለት ቅርጾች ቶሎ ቶሎ መቀያየራቸውን ስለሚያቆሙ ሁለት ሆነው ይታያሉ። ክሮሚየም 3 ላይ የተጣበቀ ውሃ ደግሞ በሌላ ውሃ እስኪተካ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ «ስንት ስፒሺስ አለ?» ሲባል በምንና በምን ያህል ፍጥነት ነው የምታየው ብለህ መጠየቅ አለብህ።

እና ቆዳው ምንም የለበትም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሙቀት፣ ብርሃንና ማለስለሻ የሚገባው ቅባት አንድ ላይ ሲሆኑ ጥቂቱን 3 ወደ 6 ሊለውጡት ይችላሉ፣ አውሮፓም ለዚህ ነው ከ2015 ጀምሮ ቆዳ ላይ ከ3 ሚሊግራም በኪሎ በታች ይሁን ያለው። ልኬቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆዳውን ቆራርጠን ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ከ7.5 እስከ 8 በሆነ የፎስፌት በፈር (ፒኤቹ ቶሎ የማይለወጥ ፈሳሽ) ክሮሚየም 6ቱን እናወጣዋለን፣ በአሲድ ካወጣኸው ቆዳው ራሱ 6ቱን ወደ 3 ስለሚመልሰው የነበረውን ታጣዋለህ። ካጣራን በኋላ ነው ፎስፎሪክ አሲድና ዳይፌኒልካርባዛይድ የምንጨምረው፣ 6 ካለ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ቀለም ይወጣል፣ እሱን በ540 ናኖሜትር እናነባለን። ቀለም ካልመጣ «ከመለኪያ ገደብ በታች» ብለን እንጽፋለን እንጂ «የለም» አንልም። ያ የተለጠፈው ሪፖርት ላይ ያለው ቁጥር ቶታል ክሮሚየም ነው፣ ስለ 6ቱ ለመናገር ለብቻው መለካት ነበረበት።