ስለ ተናካሽ ውሾች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር። ውሻው ጠረጴዛ ስር ተኝቶ አጥንት ይግጣል። ነጭ፣ ጸጉራም፣ ከድመት ብዙም የማይበልጥ ውሻ ነው። ልጅቷ ልታቅፈው እየዳኸች ተጠጋችው። ውሻው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አፍንጫውን በምላሱ ላስ አደረገ። ከዚያ መጋጡን አቁሞ ድርቅ አለ። እኔ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ምን እያየሁ እንደሆነ ግን አልገባኝም። ቀጥሎ የሰማሁት የልጅቷን ጩኸት ነው። ጉንጯ ተሰፋ።

በማግስቱ ወሬውን የሰማ ሁሉ የጠየቀን አንድ ነገር ነው፦ «ምን ዓይነት ውሻ ነው? ፒትቡል ነው እንዴ?» ፒትቡል የሚሉት በተናካሽነቱ ስሙ የወጣ ደንዳና ውሻ ነው። አይደለም ስንል ሰው ግራ ይገባዋል። ስለ ውሻ ንክሻ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎች የሚነግሩኝን፣ እኔም ራሴ አምነው የነበረውን፣ አንድ በአንድ ላንሳው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ተናካሽነት በዘር ነው፤ ዝርያውን ካወቅክ ጠባዩን አወቅክ»

ዝርያ ስለ ውሻው መልክ ብዙ ይነግረናል። ስለ ጠባዩ የሚነግረን ግን ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ18,000 በላይ ውሾችን ጠባይ ከባለቤቶቻቸው ጠይቆ፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን ደግሞ ዘረመላቸውን መርምሯል። በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚገለጸው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በተለይ ቶሎ የመቆጣትና ያለመቆጣት ነገር ላይ ዝርያ የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከአስተዳደግ ውስጥ በጣም ወሳኝ የሆነው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ቡችላ በግምት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንቱ ድረስ ያየውን፣ የሰማውንና የነካውን ነገር እንደ ተራ ነገር ይለምደዋል። በዚያ ጊዜ ሕጻን አይቶ የማያውቅ፣ ብስክሌት አይቶ የማያውቅ፣ ምርኩዝ የያዘ ሰው አይቶ የማያውቅ ቡችላ ካደገ በኋላ እነዚህን ሲያይ ይፈራል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ብዙ ሰው ውሻ የሚነክሰው ክፉ ስለሆነ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚነክሰው ስለፈራ፣ ስላመመው ወይም የያዘው ነገር የሚወሰድበት ስለመሰለው ነው።

«እንግዲያው ዝርያ ምንም ለውጥ የለውም፤ ሁሉም ነገር ከአሳዳጊው ነው»

ይህ ደግሞ የእኛ የውሻ ወዳጆች ስህተት ነው። እኔም አንድ ሰሞን አምኜው ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ከ1979 እስከ 1998 በውሻ ጥቃት የሞቱ 238 ሰዎችን ጉዳይ ተመራማሪዎች ሰብስበው ነበር። በእነዚህ ሞቶች ውስጥ ቢያንስ 25 ዓይነት ዝርያዎች አሉበት። ከግማሽ በላዩ ላይ ግን የተመዘገቡት ፒትቡል መሰሎችና ሮትዋይለር የሚባሉት ግዙፍ ውሾች ናቸው። ይህን አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አልችልም።

ግን ያንኑ ጥናት የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። በአገሩ ውስጥ ስንት ሮትዋይለር፣ ስንት ላብራዶር እንዳለ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ የትኛው ይበልጥ አደገኛ ነው ማለት አይቻልም። መንገድ ላይ ካሉት መኪኖች አብዛኞቹ ነጭ ከሆኑ ብዙ አደጋ የሚያደርሱትም ነጮቹ ናቸው። ገጪው ግን ቀለሙ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። አስፈሪ ውሻ የሚፈልግ ሰው አስፈሪ የሚባለውን ዝርያ ይገዛል፣ አስሮ ያሳድገዋል፣ ሆን ብሎ ቁጡ ያደርገዋል።

ታዲያ ዝርያ ምን ይነግረናል? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ውሻው ይነክሳል ወይስ አይነክስም የሚለውን ብዙም አይነግረንም። ከነከሰ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን ግን ይነግረናል። የ4 ኪሎ ውሻ ሲሳሳት ጉንጭ ይሰፋል። የ50 ኪሎ ውሻ ሲሳሳት ነፍስ ይጠፋል። ስለዚህ ትልቅና ጉልበተኛ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ለስህተት ቦታ የለውም። በማሰሪያ ይዞት ሲሄድ መቆጣጠር ካልቻለ ያ ውሻ የእሱ ውሻ መሆን የለበትም። ይህን የምለው ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ጎረቤትም ልጆች አሉት።

«ፒትቡል አንዴ ከነከሰ መንጋጋው ይቆለፋል»

አይቆለፍም። የፒትቡል መንጋጋ አሠራሩ ከሌሎች ውሾች አይለይም፤ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። እውነቱ፣ አንዳንድ ውሾች ነክሰው ቶሎ አይለቁም፣ ይዘው ያራግፋሉ። ይህ ጠባይ እንጂ የአጥንት ነገር አይደለም።

«ፒትቡል ሲያዩት ያስታውቃል»

ፒትቡል የሚለው ስም አንድ ዝርያ እንኳ አይደለም። ሰው በዚህ ስም የሚጠራቸው ቢያንስ ሦስት አራት ዝርያዎችና ስፍር ቁጥር የሌላቸው ድቅሎች አሉ። የውሻ መጠለያ ሠራተኞችና የእንስሳት ሐኪሞች በዓይናቸው አይተው የገመቱት ዝርያ በዘረመል ምርመራ ሲታይ ብዙ ጊዜ ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ሰፊ ጭንቅላት፣ አጭር ጸጉር፣ ደንዳና ደረት ያለው ድቅል ሁሉ «ፒትቡል» ይባላል። ሲነክስ ደግሞ ዜናው ላይ በዚያው ስም ይገባል።

ከ2000 እስከ 2009 አሜሪካ ውስጥ ሞት ያደረሱ 256 ጥቃቶችን መርማሪዎች አንድ በአንድ ፈትሸው ነበር። የውሻውን ዝርያ በአስተማማኝ መንገድ ማረጋገጥ የቻሉት ከአምስቱ ጉዳዮች በአንዱ እንኳ አይደለም። ሌሎች ነገሮች ግን ደጋግመው መጡ። 87 በመቶ በሚሆኑት ላይ አጠገብ ሆኖ ሊያስጥል የሚችል ሰው አልነበረም። 85 በመቶ ላይ ተጎጂው ከውሻው ጋር በደንብ አይተዋወቅም። 84 በመቶ ላይ ውሻው አልተኮላሸም። 76 በመቶ ላይ ውሻው ከቤተሰቡ ተነጥሎ፣ ታስሮ ወይም ግቢ ጥግ ተዘግቶበት፣ ከሰው ጋር ሳይላመድ የኖረ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያሉት ነገሮች አራትና ከዚያ በላይ ሆነው በአንድ ላይ ተገኝተዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። ሁሉም ሰው ሊለውጣቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው።

«ትንሽ ውሻ ምን ያደርጋል?»

በ2008 የታተመ የዝርያዎች ንጽጽር እንግዳ ሰውንና ባለቤታቸውን በመተናኮል ፊት ያስቀመጣቸው ዳክስሁንድን፣ ቺዋዋንና ጃክ ራስልን ነው። ሦስቱም ትናንሽ ናቸው። ትንሽ ውሻ ሲያጉረመርም ሰው ይስቃል፣ ያቅፈዋል፣ ይቀጥላል። ያን ነጭ ውሻም ከዚያ ቀን በፊት ጥርሱን ሲያሳይ አይተነው ስቀን ነበር።

«ያበላሁት ውሻ እኔንና ልጆቼን አይነካም»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ስለ ታማኝነቱ እውነት ነው። ታማኝነት ግን ትዕግሥት ማለት አይደለም። ለሞት ባደረሱት ጥቃቶች ላይ ተጎጂውና ውሻው ብዙም እንደማይተዋወቁ ከላይ ጠቅሻለሁ። ተራው ንክሻ ግን፣ በተለይ ሕጻናት ላይ የሚደርሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያውቁት ውሻ የሚመጣ ነው። የራሳቸው ውሻ፣ የዘመድ ውሻ፣ የጎረቤት ውሻ። ቦታውም ብዙ ጊዜ ቤት ነው። ሕጻን ቁመቱ አጭር ስለሆነ የሚነከሰው ፊቱን፣ ጭንቅላቱንና አንገቱን ነው።

ልጅ ውሻ ሲያቅፍ ለእኛ ያምራል። ለብዙ ውሾች ግን መታቀፍ መያዝ ነው። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ሲታመም፣ ግልገሎቿን ስታጠባ ልጅ አይጠጋ። ውሻና ትንሽ ልጅ ደግሞ ብቻቸውን አይተው። ስልክ ለማንሳት ስትወጣም ቢሆን አንዱን ይዘህ ውጣ።

«ሳያስጠነቅቅ ነው የነከሰው»

እኔም ያን ቀን ለሐኪሟ ያልኳት ይህንን ነው። ስህተት ነበር። ውሻው ሦስት ጊዜ ነግሮናል።

ውሻ ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚያደርጋቸው ነገሮች ማስፈራራት አይመስሉም። ፊቱን ያዞራል። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ምግብ ሳይኖር አፍንጫውን ይልሳል። ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ በጎን ስለሚያይህ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል። «ተወኝ» ማለቱ ነው። ካልተሰማ ድርቅ ይላል። ይህ መድረቅ በጣም አደገኛው ሰዓት ነው፤ አንድ ሰከንድ ላይሞላ ይችላል። ከዚያ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ ይነክሳል።

ጅራቱን እየቆላ ነበር የሚሉም አሉ። ጅራት መቁላት ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። መላ ሰውነቱ ተፍታቶ ከወገቡ ጀምሮ የሚወዛወዝ ውሻ ሌላ ነው። ሰውነቱ ግትር ብሎ፣ ጅራቱን ወደ ላይ ቀስሮ በአጭር በአጭሩ የሚያርገበግብ ውሻ ሌላ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን። ውሻ ሲያጉረመርም አትምታው። ማጉረምረም የመጨረሻው ማስጠንቀቂያው ነው። በተመታ ቁጥር ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱን ግን አይተውም። እውነትም ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

«አለቃው ማን እንደሆነ በጉልበት አሳየው»

ይህ ሐሳብ የመጣው ከተኩላ ነው። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ በ1947 በአጥር ውስጥ አብረው የታጎሩ ተኩላዎች ለአለቅነት እንደሚጣሉ ጻፈ። ሐሳቡን በኋላ ካስፋፉት አንዱ አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች ነበር። ያው ሜች ነጻ ተኩላዎችን ለዓመታት ተከታትሎ በ1999 አስተያየቱን አረመ። በዱር ያለ የተኩላ መንጋ እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው፤ ለአለቅነት የሚታገል የለም። ውሻ ደግሞ ተኩላም አይደለም።

በ2009 የወጣ ጥናት ባለቤቶችን ጠይቆ ያገኘው ይህንን ነው፦ መምታት፣ በርግጫ ማለት፣ በጀርባ አጋድሞ መያዝ፣ አፍጥጦ ማስፈራራት፣ እነዚህ ሲደረጉ ቢያንስ ሩቡ ውሾች መልሰው ተቆጥተዋል። «ለጥበቃ እንዲሆን» ተብሎ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውለው ውሻም ያው ነው። መሸሽ የማይችል ውሻ የቀረለት አማራጭ መናከስ ብቻ ነው።

«ዝርያው ቢታገድ ነገሩ ያበቃል»

እንግሊዝ ይህን ሞክራለች። በ1991 ባወጣችው ሕግ ፒትቡል ቴሪየር፣ የጃፓኑ ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌሮ ታገዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት በንክሻ ሆስፒታል የሚገባው ሰው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የታገደው ሲሄድ ሌላ ግዙፍ ዝርያ መጣ፤ ኤክስኤል ቡሊ። እሱንም ከ2024 የካቲት መግቢያ ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ማሳደግ ተከለከለ። ኔዘርላንድስ በበኩሏ በ1993 ያወጣችውን የፒትቡል እገዳ ንክሻው ስላልቀነሰ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ተወችው።

ልጃቸውን በእንዲህ ያለ ውሻ ያጡ ወላጆች እገዳ ሲጠይቁ ይገባኛል። እኔ ግን ሕጉ ከዝርያው ይልቅ ባለቤቱን ቢይዝ እመርጣለሁ። የነከሰ ውሻ ይመዝገብ። ማሰሪያና የአፍ መሸፈኛ ይታዘዝበት። ጉዳት ያደረሰ ውሻ ባለቤት በቁም ነገር ይጠየቅ።

«ትንሽ ጭረት ናት፤ ውሻውም ጤነኛ ነው»

በዓለም ላይ በውሻ ምክንያት ሰው የሚሞተው በብዛት በፒትቡል አይደለም። በእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 59,000 ሰው ገደማ ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100 ውስጥ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ የትኛውም ዝርያ፣ የትኛውም መጠን።

ውሻው ምልክት ከማሳየቱ ቀናት በፊት ምራቁ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ደህና መምሰሉ ማረጋገጫ አይሆንም። ሰው ላይ ምልክቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው፤ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ክትባቱ ያድናል።

ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠብ። በሰዓት ያዝ፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጅም ያለቅሳል። ቁስሉ ላይ ምንም ነገር አትነስንስ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ። ውሻው ከታወቀ አትግደለው፤ ምልክት ይታይበት እንደሆነ ለ10 ቀን በክትትል ይቆይ።

የልጅቷ ክትባት የተጀመረው በዚያው ምሽት ነው። የነጩ ውሻ ክትባት ጊዜው አልፎበት ነበር። ከሐኪሟ በቀር ግን ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም።