ዚኦን 8280 ወይስ ኢፒክ 7742? የሁለት ሰርቨር ፕሮሰሰሮች ንጽጽር

እ.ኤ.አ. 2019 ለሰርቨር ሰዎች የማይረሳ ዓመት ነው። ኤፕሪል ላይ ኢንቴል ዚኦን ፕላቲነም 8280ን ገበያ ላይ አወጣ። ኦገስት 7 ቀን ደግሞ ኤኤምዲ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኢፒክ 7742ን ይዞ ብቅ አለ። የኢንቴሉ 28 ኮር (ራሱን የቻለ የስሌት ክፍል) አለው፤ የመነሻ ዋጋው 10,009 ዶላር ነበር። የኤኤምዲው 64 ኮር አለው፤ ዋጋው 6,950 ዶላር። እነዚህን አራት ቁጥሮች ብቻ ላየ ሰው ነገሩ ሳይጀመር ያለቀ ይመስላል። ግን ሰርቨር የሚገዛ ሰው ቺፕ ብቻ አይገዛም። ሜሞሪ ይገዛል፣ የሶፍትዌር ላይሰንስ ይገዛል፣ ለዓመታት የመብራት ይከፍላል። ማወዳደር የሚቻለው ሂሳቡ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ነው።

ወሬው ያረጀ እንዳይመስላችሁ። ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች ማሽን ሲቀይሩ የዚያ ዘመን ፕሮሰሰሮች ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ይፈስሳሉ። ያን ጊዜ ዋጋቸው አይቀመስም የተባሉት ዛሬ ለአንድ አነስተኛ ድርጅት፣ ለአንድ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ወይም ለአንድ ተመራማሪ የሚደረስባቸው ሆነዋል።

ሁለቱ ኩባንያዎች የቆየ ፉክክር አላቸው። ዚኦን የሚለው ስም ከ1998 ጀምሮ አለ። ኤኤምዲ በ2003 ኦፕቴሮንን ሲያወጣ የተለመደውን የኤክስ86 አሠራር (ፕሮሰሰሩ የሚረዳውን የመመሪያ ቋንቋ) ወደ 64 ቢት አሳደገው። ኢንቴልም በዓመቱ ያንኑ መንገድ ተከተለ። ዛሬም በአብዛኛው ሰርቨር ላይ የሚሠራው ያ የ64 ቢት አሠራር የኤኤምዲ እጅ ሥራ ነው። በኋላ ግን ኤኤምዲ ተዳከመ። በ2011 የመጣው ቡልዶዘር የተባለው ንድፍ አላዋጣውም፤ ለዓመታት ሰርቨር ማለት ዚኦን ማለት ሆነ። ኢፒክ በ2017 ሲመለስ ብዙ ሰው በጥርጣሬ ነው ያየው። ጥርጣሬውን የሰበረው ሁለተኛው ትውልድ፣ በኮድ ስሙ «ሮም» የተባለው ነው። 7742 የዚያ ቤተሰብ ልጅ ነው። 8280 ደግሞ «ካስኬድ ሌክ» ከተባለው የኢንቴል ትውልድ ነው።

ትልቁ ልዩነት ያለው አሠራራቸው ላይ ነው። ኢንቴል 28ቱን ኮሮች በአንድ ትልቅ ሲሊከን ላይ ነው የሠራቸው፤ ስፋቱ ወደ 700 ስኩዌር ሚሊሜትር ይጠጋል። ኤኤምዲ ሥራውን ከፋፈለው። እያንዳንዳቸው 74 ስኩዌር ሚሊሜትር የሚሆኑ ስምንት ትናንሽ ቺፖች አሉ፤ በየአንዳንዳቸው 8 ኮር አለ። መሃል ላይ ደግሞ ሜሞሪውንና ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ የሚያስተናግድ አንድ ሌላ ቺፕ ተቀምጧል። ትናንሾቹ በታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በ7 ናኖሜትር ተሠሩ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሠራሩ ይረቃል። የመሃሉ በግሎባልፋውንድሪስ በ14 ናኖሜትር ተሠራ። ኢንቴል የ10 ናኖሜትር ሥራው ስለተጓተተበት 8280ን በ14 ናኖሜትር ነው ያመረተው።

መከፋፈሉ ለምን ጠቀመ? ነቁጥ ያለበት ጨርቅ የያዘ ልብስ ሰፊ አስቡ። ከጨርቁ ትልልቅ ጋቢ ልቁረጥ ካለ አንዷ ነቁጥ አንድ ሙሉ ጋቢ ታበላሽበታለች። መሃረብ ከቆረጠ ግን የሚጥለው አንድ መሃረብ ብቻ ነው። ሲሊከንም እንደዚያው ነው። ትንሽ ቺፕ ሲበላሽ ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው 64 ኮሩ ከ28ቱ ረክሶ የተሸጠው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

መከፋፈል ግን የራሱ ዋጋ አለው። 7742 በጠቅላላው 256 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ (ኮሮቹ አጠገብ ያለ ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) አለው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ካሹ በ16 ቦታ ተከፋፍሏል፤ አራት አራት ኮሮች 16 ሜጋባይት ይጋራሉ። አንድ ኮር በሌላው ቡድን ካሽ ውስጥ ያለ ነገር ሲፈልግ በመሃሉ ቺፕ በኩል መዞር አለበት፤ ያ ጊዜ ይወስዳል። 8280 ያለው 38.5 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ሆኖም ሃያ ስምንቱም ኮሮች በጋራ ያዩታል። እርስ በእርሳቸው ብዙ የሚነጋገሩ ኮሮችን የሚጠይቅ ዳታቤዝ ላይ ይሄ ልዩነት ይታወቃል። እያንዳንዱ ብቻውን የሚሠራ ብዙ ትናንሽ ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ላይ ግን ምንም አይሰማም።

ሁለቱን በእጁ የገጠመ ሰው ልዩነታቸውን ጣቱም ያውቀዋል። ዚኦኑን መጀመሪያ ማቀዝቀዣው ላይ በፕላስቲክ ክሊፕ ታስሩታላችሁ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አንስታችሁ ከላይ ወደ ታች ሶኬቱ ላይ ታሳርፏቸዋላችሁ፤ 3,647 መገናኛ ነጥቦች ይጠብቋችኋል። ኢፒኩ እንደ መሳቢያ ነው። በፕላስቲክ ፍሬም እንዳለ ሐዲዱ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ክዳኑ ይወርዳል፣ ከዚያ ሦስት ብሎኖች በተጻፈባቸው ቁጥር ቅደም ተከተል ይጠብቃሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እዚያ ላይ መቸኮል አያዋጣም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አዲስ ሰርቨር ከተጫነው ሜሞሪ ሩቡን አላይ ብሎ ግማሽ ቀን አስጨንቆናል። ሜሞሪውን ቀያየርን፣ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን ማስነሻ ሶፍትዌር) አደስን፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ የሦስቱን ብሎኖች ጥብቀት ስናስተካክል ሁሉም ታየ። ከ4,094 ነጥቦች ጥቂቶቹ በደንብ አልነኩም ነበር።

ወደ ሜሞሪ እንምጣ፤ ለእኔ የዚህ ንጽጽር ልብ እዚህ ነው። 8280 ስድስት የሜሞሪ ቻናል (ወደ ሜሞሪ የሚወስድ መንገድ) አለው፤ ፍጥነታቸው በሰከንድ 2933 ሚሊዮን ዝውውር ነው። በሰከንድ እስከ 140 ጊጋባይት አካባቢ ያስተላልፋል ማለት ነው። 7742 ስምንት ቻናል በ3200 አለው፤ ወደ 205 ጊጋባይት ይደርሳል። የአየር ንብረት ሞዴል፣ የፈሳሽ ፍሰት ስሌትና የመሳሰሉት ሥራዎች የሚራቡት ኮር ሳይሆን ይህንን መተላለፊያ ነው። የመጠኑ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። መደበኛው 8280 ከ1 ቴራባይት በላይ ሜሞሪ አይቀበልም። እስከ 4.5 ቴራባይት የሚቀበለውን 8280ኤል የፈለገ 17,906 ዶላር መክፈል ነበረበት። የኮሩ ብዛትም ፍጥነቱም ያው ነው፤ ጭማሪው ለፈቃዱ ነው። ይሄ አሠራር ለገዢው ተገቢ አልነበረም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ኤኤምዲ በአንጻሩ ለሁሉም የሮም ትውልድ ቺፖች ያንኑ ሰጠ፤ 475 ዶላር የወጣለት ባለ 8 ኮሩ 7252 እንኳ 4 ቴራባይትና 128 የፒሲአይ መስመር (ዲስክና ካርድ የሚገናኙበት መንገድ) አለው።

መስመሮቹን በምሳሌ እንያቸው። ኤንቪኤምኢ የተባለ አንድ ፈጣን ዲስክ አራት የፒሲአይ መስመር ይፈልጋል። 24 ዲስክ የሚይዝ የማከማቻ ሰርቨር 96 መስመር ይበላል። አንድ 7742 ያን ሰጥቶ 32 ይተርፈዋል፤ ለኔትወርክ ካርድ በቂ ነው። 8280 ግን 48 ብቻ ነው ያለው። ሁለቱን ብታጣምሩ 96 ይሆናል፤ ዲስኮቹ ሁሉንም ይጨርሱታል። በዚያ ላይ የኢፒኩ መስመር አራተኛው ትውልድ ስለሆነ ፍጥነቱ የዚኦኑ ሦስተኛ ትውልድ መስመር እጥፍ ነው። ኤንቪዲያ በሜይ 2020 ዲጂኤክስ ኤ100 የተባለውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰርቨር ሲያወጣ ሁለት 7742 ውስጡ አስገባ። ከዚያ በፊት የነበረው ዲጂኤክስ 2 ላይ የነበሩት ዚኦኖች ናቸው። ውስጡ ያሉት ጂፒዩዎች (የግራፊክስና የስሌት ቺፖች) አራተኛውን ትውልድ ፈልገው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ዚኦን ላይ አልነበረም።

እንግዲህ ዚኦኑ ምን ቀረው? ብዙ ነገር። ኤቪኤክስ 512 የተባለው የስሌት መመሪያ በአንድ ጊዜ ስምንት ትልልቅ የአስርዮሽ ቁጥሮችን ያስኬዳል፤ ሮም አራት ነው የሚችለው። ፕሮግራሙ ለዚህ ተብሎ የተጻፈ ከሆነ 28ቱ ኮር ከቁጥራቸው በላይ ይሠራሉ፤ ምንም እንኳ ያን ጊዜ ፍጥነታቸው ዝቅ ቢልም። ለማሽን ለርኒንግ የተጨመረ ልዩ መመሪያም አለው። ኦፕቴን የተባለውን፣ መብራት ሲጠፋ የያዘውን የማይረሳ ሜሞሪ ይቀበላል። በአንድ ማሽን ላይ እስከ ስምንት ሆኖ ይሰለፋል፤ ኢፒክ ከሁለት አያልፍም። ግዙፍ የድርጅት ዳታቤዝን ሙሉ በሙሉ ሜሞሪ ውስጥ ለሚያስቀምጥ ድርጅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ኮር ብቻውን ሲሮጥም ዚኦኑ 4.0 ጊጋኸርትዝ ይነካል፤ ኢፒኩ 3.4 ላይ ይቆማል። ቴክሳስ ያለው ፍሮንቴራ ሱፐርኮምፒውተር 8,008 ኖድ (በኔትወርክ የተያያዘ ሰርቨር) በ8280 ተገንብቶ በጁን 2019 ከዓለም አምስተኛ ሆኗል። ኤዲንብራ ያለው አርቸር 2 ደግሞ በ5,860 ኖዶቹ ላይ 7742ን መርጧል። ሁለቱም ምርጫ የተማረ ምርጫ ነበር።

ገዢን የሚያስደነግጠው ግን ላይሰንስ ነው። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኢንተርፕራይዝ የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር በኮር ቆጥሮ ይሸጣል። በ2019 የሁለት ኮር ላይሰንስ የመደብ ዋጋው 13,748 ዶላር ነበር። ለ28 ኮር 192,472 ዶላር ይመጣል። ለ64 ኮር 439,936። በቺፑ ላይ ያተረፋችሁት 3,000 ዶላር እዚህ ጋ ሲደርስ የቡና ገንዘብ ነው። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር የሚሸጠው ቪኤምዌርም በ2020 አንድ ላይሰንስ የሚሸፍነው እስከ 32 ኮር ብቻ ነው አለ፤ ያን ጊዜ ባለ 64 ኮሩ ሁለት ይጠይቅ ነበር ማለት ነው። ኤኤምዲ ይሄ ስለገባው በኤፕሪል 2020 ኢፒክ 7ኤፍ52ን አመጣ። 16 ኮር ብቻ፣ ግን እስከ 3.9 ጊጋኸርትዝ የሚሮጥና ያንኑ 256 ሜጋባይት ካሽ የያዘ። ላይሰንስ በኮር ለሚከፍል ሰው ከ7742 ይልቅ እሱን መግዛት ያዋጣል። ሶፍትዌሩ ነጻ ለሆነለት፣ ሊኑክስ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሂሳቡ ተገልብጦ 64ቱ ኮር ንጹህ ትርፍ ይሆናሉ።

ቀድሞ ዚኦን የሞላበት ቤት ሌላም ነገር ማሰብ አለበት። የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽንን ሳያጠፉ ከኢንቴል ወደ ኤኤምዲ ማዛወር በአብዛኛው አይቻልም። ጠፍቶ፣ ተዛውሮ፣ እንደገና መነሳት አለበት። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) መቀላቀል ራስ ምታት ነው። በመብራት በኩል 8280 በ205 ዋት፣ 7742 በ225 ዋት ተመዝግበዋል። ለአንድ ኮር ሲካፈል 7.3 ዋት ከ3.5 ዋት ጋር ነው።

ዎርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የሚሆን የጠረጴዛ ኮምፒውተር) ላይ ግን ሁለቱም የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም። የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ሰው ሞዴሉን ሲያዞር የሚደክመው በአብዛኛው አንድ ኮር ነው፤ 63ቱ ቆመው ያያሉ። ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ላይ ሬንደር (የመጨረሻውን ምስል ማውጣት) ሲጀምር ነው ሁሉም የሚነሱት። ለዚህ ሥራ ኢንቴል ዚኦን ደብልዩ 3275ን አዘጋጅቷል፤ 28 ኮር፣ 64 መስመርና እስከ 4.6 ጊጋኸርትዝ። የ2019ኙ ማክ ፕሮ ላይ ያለው የዚሁ ዘመድ ነው። ኤኤምዲ በበኩሉ በ2020 መጀመሪያ ባለ 64 ኮሩን ትሬድሪፐር 3990ኤክስ በ3,990 ዶላር አወጣ። ፈጣን ነው፤ ግን የሜሞሪ ቻናሉ አራት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የተከተለው ትሬድሪፐር ፕሮ 3995ደብልዩኤክስ ስምንቱን ቻናልና 128ቱን መስመር መለሰ። 7742ን ዎርክስቴሽን ላይ ለሚያስገባ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዊንዶውስ ከ64 በላይ ክር (እዚህ አንድ ኮር ሁለት ክር ያስኬዳል) ሲያይ በቡድን ይከፍላቸዋል፤ ቆየት ያለ ፕሮግራም አንዱን ቡድን ብቻ ሊጠቀም ይችላል። 128 ክር ገዝታችሁ በ64 እየሠራችሁ ሊሆን ይችላል።

ኢንቴል በፌብሩዋሪ 2020 ዚኦን ጎልድ 6258አርን በ3,950 ዶላር አመጣ። 28 ኮር፣ 2.7 ጊጋኸርትዝ መነሻ፣ 4.0 ጣሪያ፤ በአንድ ማሽን ከሁለት በላይ ሆኖ ካለመሰለፉ በቀር 8280 ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ከዓመት በፊት 10,009 የከፈለ ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። አሮጌ ዚኦን ለሚፈልግ ግን ይሄ ጥሩ ዜና ነው፤ 6258አር የሚለውን ስም መዝግቡት።

ያገለገለ ኢፒክ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ለምታስመጡ ደግሞ አንድ ጥያቄ አትርሱ። አንዳንድ የሰርቨር አምራቾች ለደህንነት ብለው ፕሮሰሰሩን ከራሳቸው ማዘርቦርድ ጋር ለዘለቄታው ይቆልፉታል። እንዲህ ያለ ቺፕ ሌላ ብራንድ ማዘርቦርድ ላይ አይነሳም፤ መቆለፊያውም አይፈታም። ሻጩን ቺፑ በየትኛው አምራች ማሽን ላይ ይሠራ እንደነበር ጠይቁት። በሌላ ማዘርቦርድ ላይ ሲነሳም በቪዲዮ እንዲያሳያችሁ ለምኑት።