በረዶ የቀረጻቸው የጃፓን ቤቶች

የጃፓን ባህላዊ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከእንጨት የተሠራና በወረቀት የተለበጡ ተንሸራታች በሮች ያሉት ቤት ነው። ይህ ቤት የታሰበው በተለይ ለወበቅ ነው። በአብዛኛው ጃፓን የሙቀቱ ወቅት ዝናብና እርጥበት ይበዛበታል። ስለዚህ ወለሉ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ከሥሩም አየር ይዘዋወራል። በሮቹ ወለል ብለው ሲከፈቱ ነፋስ ቤቱን አቋርጦ ያልፋል። ረዘም ብሎ የሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ ዝናቡንና የቀትሩን ፀሐይ ይከላከላል። በብርዱ ወራት ዝቅ ብላ የምትጓዘውን ፀሐይ ግን ያስገባል።

ተራራው ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጊፉ ክፍለ ግዛት በሾ ወንዝ ሸለቆ ሺራካዋ-ጎ የሚባል አካባቢ አለ። ከጎረቤቱ ጎካያማ መንደሮች ጋር በ1995 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ በረዶው ከ2 ሜትር በላይ ሊከመር ይችላል። የሣር ክዳኑ ጣሪያ ለጸሎት እንደተጋጠሙ መዳፎች ሽቅብ የሚቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። ተዳፋቱ ወደ 60 ዲግሪ ስለሚጠጋ በረዶው ብዙ ሳይከማች ይንሸራተታል። ቤቶቹ የሸለቆውን አቅጣጫ ይዘው ነው የተሠሩት። ሰሜንና ደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ የሚያገኘው ጠባቡን ጎናቸውን ነው፤ ሁለቱ የጣሪያ ክንፎች ደግሞ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ያገኛሉ፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ሣሩም ይደርቃል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት ነው። ተዳፋት ላይ የሚበቅል ዛፍ ገና ለጋ ሳለ በረዶ ይጫነዋል፤ ግንዱ ከሥሩ ጎብጦ ያድጋል። አናጺዎቹ ይህን ጉብጠት እንደ ጉድለት አላዩትም። ቆልማማውን ግንድ እንዳለ አምጥተው ተሸካሚ አግዳሚ አደረጉት። የጣሪያው ወራጆች በሚስማር አይመቱም። በገመድና በለጋ ቅርንጫፍ ይታሰራሉ። በዚህ ምክንያት ነፋስና የበረዶ ክብደት ሲመጣ ጣሪያው ሳይሰበር ትንሽ ይላወሳል።

ሰፊው ቆጥም ሥራ ነበረው፤ የሐር ትል ይረባበት ነበር። የእርሻ መሬት ጠባብ በሆነበት ሸለቆ ይህ ትልቅ ገቢ ነበር። ከታች ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሣሩን ከነፍሳት ይጠብቃል፤ እንጨቱንና ገመዱንም ያጠነክራል። ሣሩ ከ30 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ይቀየራል። ይህ የአንድ ቤተሰብ ሥራ ስላልሆነ መንደርተኛው በደቦ ይወጣል።

ደቡብ ላይ በኦኪናዋ ደሴቶች የሚፈራው አውሎ ነፋስ ነው። ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ዙሪያውን በኮራል ድንጋይ አጥርና ፉኩጊ በሚባሉ ዛፎች ይከለላል። የጣሪያው ቀይ ሸክላም በነጭ ኖራ ይጣበቃል።