ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ በሀዋሳ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ማግሥት በሀዋሳ ከቤት ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልጁ የት ይግባ? በ2015 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጁ ይህን አልፎ የመጣለት ቤተሰብ የቀረው ነገር ሁሉ እንደ ቀላል ቢታየው አይፈረድበትም። ሆኖም ከፈተናው ቀጥለው የሚመጡት ውሳኔዎች በተለያዩ አካላት እጅ ያሉ፣ የየራሳቸው ጊዜና መስፈርት ያላቸው ናቸው። የትኛውን ውሳኔ ማን እንደሚሰጥ ሳይለዩ መምረጥ ጎበዝ ልጆችን ጭምር ያላሰቡት ቦታ አድርሷቸዋል፤ ቀጥሎ የሚነሡት አመለካከቶችም በአብዛኛው ከዚሁ መደበላለቅ የመጡ ናቸው።

«ምርጫ መሙላት ለይስሙላ ነው፤ ሚኒስቴሩ የፈለገው ቦታ ይመድባል»

ምደባውን የሚሰጠው ትምህርት ሚኒስቴር መሆኑ፣ የመጀመሪያ ምርጫው የማይደርሰው ተማሪ መኖሩም እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ምርጫ ዋጋ የለውም ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ምደባው የሚሠራው የተማሪው ውጤት፣ የሞላው ቅደም ተከተልና እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው የተማሪ ብዛት ተገናዝበው ነው። እጅግ ከፍተኛ ውጤት ያለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ምርጫዎቹ አንዱን ስለሚያገኝ ከታች የሞላው ብዙም ላያሳስበው ይችላል። መካከለኛ ውጤት ያለው ግን ብዙ ሰው የሚፈልጋቸው ተቋማት ሲሞሉ ወደ መካከለኛዎቹ ምርጫዎቹ ይወርዳልና፣ ለእሱ ከሁሉም የበለጠ ክብደት ያላቸው በግዴለሽነት የተሞሉት እነዚያ የዝርዝሩ መሀል ቦታዎች ናቸው።

በየትምህርት ቤቱ አካባቢ ባሉ ኢንተርኔት ቤቶች የሚታየው ተቃራኒው ነው። ተማሪው የመመዝገቢያ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል፣ ስማቸውን የሚያውቃቸውን ሦስት ወይም አራት ዩኒቨርሲቲዎች ይነግረዋል፣ «የቀረውን አንተ ሙላው» ብሎት ይወጣል። ሠራተኛውም የተማሪውን ፍላጎትም ሆነ የቤተሰቡን አቅም ሳያውቅ ዝርዝሩ ላይ እንዳገኛቸው በተርታ ይሞላል። አራትና ከዚያ በላይ ዓመት የሚኖርበትን ከተማ የማያውቀው ሰው የመረጠለት ተማሪ በኋላ «መደቡኝ» ሲል መስማት ያሳዝናል። ዝርዝሩን ቀደም ብሎ ከታላላቆችና ከመምህራን ጋር ተመካክሮ በወረቀት ማዘጋጀት፣ ሲሞላም አጠገብ ተቀምጦ እያንዳንዱን መስመር ማረጋገጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የጤና ችግር ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪም ማስረጃውን ማቅረብ ያለበት ምደባው ከመውጣቱ በፊት፣ ሚኒስቴሩ በሚያስታውቀው ጊዜ ነው።

«አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂን አንደኛ አድርጌ ሞልቻለሁ፤ ውጤቴ ስለሚበቃ እገባለሁ»

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚቀበሉት ለብቻው በሚሰጥ የመግቢያ ፈተና ሲሆን፣ የሚወዳደሩትም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ስለዚህ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ለእነዚህ ተቋማት በር የሚያስደርስ እንጂ የሚያስገባ አይደለም። ምዝገባቸው የራሱ ማስታወቂያና የጊዜ ገደብ አለው፤ ማስታወቂያውም ለአጭር ጊዜ የሚቆይ በመሆኑ የዩኒቨርሲቲዎቹን ይፋዊ ገጾች ውጤት ከወጣበት ዕለት ጀምሮ መከታተል ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ዕድሉ ያመለጣቸው ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ልጆች መኖራቸው ከሁሉም የሚያስቆጭ ነው፤ ያነሳቸው ዕውቀት ሳይሆን መረጃ ነበርና።

«ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከደረሰው ከቤቱ እየተመላለሰ ይማራል»

ይህን የሚሉት በአብዛኛው ወላጆች ናቸው፤ ልጅን ከዓይን ላለማራቅ መፈለግም የሚገባ ስሜት ነው። ነገር ግን ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም። በ1992 ዓ.ም በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ስም ሲመሠረት ቀድሞ የነበሩት የአዋሳ ግብርና ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላ ኮሌጅ ተዋሕደው ነው፤ ዲላ በኋላ ራሱን ችሎ ወጣ፣ ወንዶ ገነት ግን እስከ ዛሬ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ዋናው ግቢ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ የግብርና ኮሌጁ እንዲሁም የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ከነሪፈራል ሆስፒታሉ ሀዋሳ ከተማ ውስጥ ሲሆኑ፣ ደንና የተፈጥሮ ሀብት የሚያጠና ተማሪ ወንዶ ገነት ይኖራል። በይርጋለም የአዋዳ ግቢ፣ በበንሳም የዳዬ ግቢ አለ። አንድ ተማሪ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ከሀዋሳ ውጭ ሊማር ይችላል ማለት ነው። ለቤት መቅረብን ብሎ የሚመርጥ ሰው የሚፈልገው የትምህርት ዘርፍ በየትኛው ግቢ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይጠይቅ።

«ዋናው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው፤ ዲፓርትመንቱ በኋላ ይታያል»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ነው። በ2012 ዓ.ም የጋራ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ሚኒስቴሩ የሚመድበው ተማሪው የሚገባበትን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሜዲሲን፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ሕግ ወይም አካውንቲንግ መማሩን የሚወስነው ግን የገባበት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው እንደ ተቋሙ አሠራር ፍሬሽማን በሚባለው ዓመት መካከል ወይም መጨረሻ፣ በዋናነት በተማሪው ጂፒኤ (አማካይ የትምህርት ነጥብ) ላይ ተመሥርቶ ነው። ውድድሩም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ነው። ከየአገሩ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች በተሰበሰቡበት ተቋም ሜዲሲን ለማግኘት የሚጠይቀው ነጥብ፣ ፈላጊው አነስተኛ በሆነበት ዩኒቨርሲቲ ከሚጠይቀው ከፍ ሊል ይችላል። ቁርጥ ያለ የሙያ ፍላጎት ያለው ተማሪ ትልቁን ስም ትቶ ዘርፉን የሚያገኝበትን ተቋም ቢመርጥ፣ እንደ እኔ ዕይታ፣ ብስለት እንጂ ወደ ኋላ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። በፍሬሽማን ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሒሳብና ፊዚክስ ብቻ ሳይሆን ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ ይማራል። ሐኪም ለመሆን የመጣ ተማሪ ሳይኮሎጂን «የሶሻል ትምህርት ነው» ብሎ ሲንቀው፣ ያገኘው ዝቅተኛ ነጥብ ከባዮሎጂው ነጥብ ጋር አብሮ በጂፒኤው ይቆጠርና የሚፈልገውን ዲፓርትመንት ያሳጣዋል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን በመነሻቸውም የተለያዩ ናቸው። አርባ ምንጭ የተነሣው ከውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ሐረማያ ከግብርና ኮሌጅ፣ ጎንደር ከጤና ኮሌጅ ነው፤ ይህ ታሪክ በቤተ ሙከራው፣ በመምህራኑና በተግባር ልምምዱ ላይ አሻራው ይታያል። አሁንም መንግሥት የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲዎች ብሎ ለይቷቸዋል፤ ሀዋሳ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ምድቡ የተቋሙን ትኩረት ይናገራል እንጂ ተማሪውን የበላይና የበታች አያደርግም፤ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የሁሉም ተመራቂዎች የሚቀመጡት ለአንድ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ነው።

«ሪሜዲያል የገባ ልጅ አበቃለት»

አላበቃለትም። ሪሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ፕሮግራም በ2015 ዓ.ም የተጀመረው 50 በመቶ ላልሞሉ፣ ነገር ግን ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያወጣውን የመቁረጫ ነጥብ ላሟሉ ተማሪዎች ነው። ያለፈው ተማሪ ወደ ፍሬሽማን ይቀላቀላል፣ እንደማንኛውም ተማሪ ይመረቃል። በሰፈርም በቤትም «የሪሜዲያል ልጅ» እያሉ ማሸማቀቅ መቆም አለበት።

«ኮሌጁ እውቅና አለው ተብለናል»

የግል ተቋም ለመግባት ከሚደረገው ጥረት ሁሉ ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ አባክናለች። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለተወሰነ የትምህርት መስክ፣ ለተወሰነ ደረጃ፣ ለተወሰነ ካምፓስ፣ ለተወሰነ የአሰጣጥ ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ባለው ካምፓሱ በመደበኛ መርሐ ግብር አካውንቲንግ በዲግሪ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ፣ በዚያው ፈቃድ ሀዋሳ ባለው ቅርንጫፉ ነርሲንግ ማስተማር አይችልም። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የፈቃዱን ደብዳቤ አስወጥቶ ማየት የማንኛውም አመልካች መብት ነው። ደብዳቤው ላይ መነበብ ያለበት የመስኩ ስም፣ «ዲግሪ» ወይስ «ደረጃ» (የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና እርከን) የሚለው፣ የካምፓሱ አድራሻ፣ እንዲሁም ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ነው። ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለ አሮጌ ወረቀት በቂ አይደለም፤ ባለሥልጣኑ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር ይመሳከር።

ለዲግሪ የመግቢያ ነጥብ የሌለውን ተማሪ «ግድ የለም፣ እናስተካክለዋለን» የሚል መዝጋቢ ካጋጠመም ተነሥቶ መውጣት ነው። የመግቢያ ማስረጃው በኋላ ይጣራል፤ ያለ አግባብ የተመዘገበው ተማሪ ዓመታቱንም የወላጁን ገንዘብም ያጣል። ነጥቡ ያልበቃው ተማሪ በሕጋዊ መንገድ ሊይዘው የሚችለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ይህም ሥልጠና ደረጃ በደረጃ ከአንድ እስከ አምስት የሚያድግ፣ በብቃት ምዘና የሚረጋገጥ ሙያ ስለሆነ የተሸናፊ መንገድ ተደርጎ መታየቱ ትክክል አይደለም።

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ነው»

ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ውሉ የትምህርቱን ወጪ ከፊል፣ እንዲሁም የምግብና የመኝታ ወጪን የሚይዝ ሲሆን፣ ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከገቢው ይከፍለዋል። ዕዳው የትምህርት ዘመኑ በረዘመ ቁጥር ስለሚያድግ፣ አምስትና ስድስት ዓመት የሚወስድ ዘርፍ የሚመርጥ ተማሪ ይህንንም አብሮ ያስላ፤ በየዓመቱ የሚፈርመውን ቅጽም አንብቦ፣ ቅጂውን ከትምህርት ማስረጃዎቹ ጋር ያስቀምጥ።