ዲስፕሌይ ኦሬንቴሽን ምንድን ነው? ስክሪኑስ ለምን ይገለበጣል?

ላፕቶፑ አልወደቀም። ውሃ አልነካውም። ማታ ሲዘጋ ሰላም ነበር። ጠዋት ሲከፈት ግን ፊደሉ ሁሉ በጭንቅላቱ ቆሟል። ማውሱን ወደ ላይ ሲገፉት ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ወይ ስክሪኑ ተበላሽቷል፣ ወይ ቫይረስ ገብቷል የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም። የተነካው ዲስፕሌይ ኦሬንቴሽን የሚባል አንድ ሴቲንግ ነው።

ኦሬንቴሽን ማለት ኮምፒውተሩ ምስል ሲሥል ከስክሪኑ አራት ጠርዞች የትኛውን "ላይ" ብሎ እንደሚይዝ የሚወስን ምርጫ ነው። ዊንዶውስ ላይ አራት አማራጭ አለ። ላንድስኬፕ የለመድነው አግድሙ ነው። ፖርትሬት በ90 ዲግሪ ዞሮ የቆመው ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የእነዚሁ ግልባጮች ናቸው። 1920 በ1080 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) የነበረ ስክሪን ፖርትሬት ሲደረግ 1080 በ1920 ይሆናል። ስክሪኑ ራሱ ግን ምንም አልሆነም፤ የመጣለትን ያሳያል። ምስሉን አዙሮ የሚያቀብለው የግራፊክስ ካርዱና ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ስክሪኑ ተገልብጦ እያለ ስክሪንሾት አንሱና ለሌላ ሰው ላኩት። እሱ ጋ ቀጥ ብሎ ይታያል! ምክንያቱም መዞሩ የሚመጣው ምስሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ስክሪኑ ሲላክ ነው። ስለዚህ ችግሩን በቴሌግራም ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ከፈለጋችሁ በስልካችሁ ካሜራ አንሱት። አለበለዚያ "ምንም አልሆነም እኮ" ይላችኋል፤ እሱም አልተሳሳተም።

ሌላው ምልክት ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚመጣው የአምራቹ አርማ ነው። አርማው ቀጥ ብሎ ታይቶ ዊንዶውስ ሲገባ ምስሉ ከዞረ ነገሩ የሴቲንግ ነው። እዚህ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። አንዳንድ ትንንሽ ታብሌት መሰል ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ከፋብሪካው ሲወጣ ቁመቱ በሚረዝም ስክሪን ነው። እነሱ ላይ አርማው በጎኑ ተኝቶ ቢመጣ አትደንግጡ፤ ብልሽት አይደለም።

ታዲያ ማን ነው ያዞረው? ብዙ ጊዜ ጣት ነው። ለዓመታት የኢንቴል ግራፊክስ ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ኮንትሮልንና አልትን ይዞ የቀስት ቁልፍ መጫን ስክሪኑን ያዞር ነበር። የታች ቀስት ይገለብጠዋል፤ የግራና የቀኝ ቀስቶች በጎኑ ያስተኙታል፤ የላይ ቀስት ይመልሰዋል። የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ጓደኛን ማናደጃም ነበር። ይህ አቋራጭ የዊንዶውስ ሳይሆን የኢንቴል ድራይቨር ስለሆነ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ሌላው ላይ አይሠራም። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ቀርቷል ወይም ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ጠፍቶ መምጣቱ ደግ ነው እላለሁ፤ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑ እንደ ኡቡንቱ ያሉ ሲስተሞች እነዚሁን ቁልፎች ከአንድ የሥራ ገጽ ወደ ሌላው ለመሻገር ይጠቀሙባቸው ስለነበር፣ እዚያ የለመደ እጅ ዊንዶውስ ላይ ሲመጣ ስክሪን ይገለብጥ ነበር።

ለማንኛውም መጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልትና የላይ ቀስት ሞክሩ። ከሠራ እዚያው አለቀ።

ካልሠራ ወደ ሴቲንግ መግባት ነው። እዚህ ጋ የሚያስቸግረው ማውሱ ነው፤ ምስሉ ሲዞር የማውሱ አቅጣጫም አብሮ ይዞራል። ከእሱ ጋር ከመታገል ኪቦርዱን መጠቀም ይሻላል። የዊንዶውስ ቁልፍን ተጭናችሁ "ዲስፕሌይ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉና ኢንተር በሉ። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ አስቀድማችሁ ቀይሩት፤ ካልሆነ ፍለጋው የግዕዝ ፊደል ይዞ ባዶ እጁን ይመለሳል። ገጹ ሲከፈት በታብ ቁልፍ እየዘለላችሁ ዲስፕሌይ ኦሬንቴሽን የሚለው ላይ ድረሱ። ላንድስኬፕን ምረጡ። ዊንዶውስ "ይቆይ ወይስ ይመለስ?" ብሎ ይጠይቃል። በ15 ሰከንድ ውስጥ ኪፕ ቼንጅስ የሚለውን ካልመረጣችሁ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ይህ የተደረገው ተሳስቶ ስክሪኑን ያጠፋ ሰው መውጫ እንዳያጣ ነው። "አስተካከልኩት፣ ግን መልሶ ዞረ" ሲባል አንዱ ምክንያት ይኸው ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱ ነው።

ሁለት ሞኒተር የሰካችሁ ደግሞ፣ እዚያው ገጽ ላይ 1 እና 2 ተብለው ከተሣሉት ሣጥኖች የዞረውን አስቀድማችሁ ምረጡ። ያለዚያ ደህነኛውን ነው የምታዞሩት። ማክ ላይ በውጭ የሚሰካ ሞኒተር ከሆነ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዲስፕሌይስ፣ ከዚያ ሮቴሽን ገብቶ ስታንዳርድ ማለት ነው። ኡቡንቱ ላይም ሴቲንግስ ውስጥ ዲስፕሌይስ የሚለው ጋ ኦሬንቴሽን አለ።

ስክሪኑ ተስተካክሎ ላፕቶፑን ብድግ ባደረጋችሁ ቁጥር የሚዞር ከሆነ ሥራው የሴንሰር ነው። ታጥፈው ታብሌት የሚሆኑ ላፕቶፖች እንደ ስልክ አክስለሮሜትር አላቸው፤ መሬት በየት በኩል እንዳለች ይለካል። የዊንዶውስ ቁልፍን ከእንግሊዝኛው ኦ ፊደል ጋር ስትጫኑ ይቆለፋል። የዊንዶውስ ቁልፍን ከኤ ጋር ስትጫኑ በሚወጣው ሰሌዳ ላይም ሮቴሽን ሎክ የሚል አለ። ደብዝዞ አልነካም ካለ ላፕቶፑን ወደ ታብሌት ቅርጽ አጥፋችሁ ሞክሩት።

ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያመጣ ሴቲንግ ለምን አስፈለገ? ወረቀት ቁመቱ ይረዝማላ! በ1973 የተሠራው ዜሮክስ አልቶ የተባለው ኮምፒውተር ስክሪኑ የቆመ ነበር፤ 606 በ808 ፒክስል። አፕልም በ1989 አንድ ሙሉ ገጽ የሚያሳይ የቆመ ሞኒተር ለማኪንቶሽ አውጥቷል። ዛሬም ረጅም ኮድ የሚጽፉና ሰነድ የሚያርሙ ሰዎች ሁለተኛውን ሞኒተራቸውን ያቆሙታል። እኔም ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አንድ ጉድለት አለው። የብዙ ሞኒተር ፒክስል የተሠራው ጎን ለጎን ከቆሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሮች ነው። ዊንዶውስ ፊደልን የሚያለሰልሰው ይህን አሰላለፍ ተማምኖ ስለሆነ፣ ስክሪኑ ሲቆም የፊደሉ ጠርዝ ትንሽ ቀለም ሊኖረው ይችላል። ርካሽ ሞኒተር ላይ ደግሞ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይለወጣል።

ስክሪኑ ስለዞረ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ የሚል ካለ አትስሙት። ፎርማት ሴቲንጉን አብሮ ስለሚያጠፋ "ተስተካከለ" ይባላል፤ ፎቶና ሰነዳችሁ ግን አብሮ ይሄዳል።

ፕሮጀክተር ላይ ነገሩ ይለያል። ላፕቶፑ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ያለው ምስል ከተገለበጠ ዊንዶውስን አትነካኩ። ፕሮጀክተር ጣሪያ ላይ ሲሰቀል አካሉ ስለሚገለበጥ በራሱ ሜኑ ውስጥ የጣሪያ አማራጭ አለው፤ የሚስተካከለው እዚያ ነው። ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነገር ግን በመስታወት እንደሚታይ ግራና ቀኙ ከተለዋወጠ ደግሞ ከዊንዶውስ አራት ምርጫዎች አንዱም አያድነውም። ፕሮጀክተሩ ከመጋረጃ ጀርባ እንዲያበራ ተደርጎ ተስተካክሏል ማለት ነው፤ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ከፊት ለፊት እንዲያበራ አድርጉት።